ጀርባዋን የሰጠችው ሴት

ይርገዱ ሥራዋን ስትጀምር አንድም ቀን ተቻኩላ አታውቅም። ደሴ ፒያሳ አጠገብ ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በጦሳ ተራራ ጉም በታፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትቀመጥና፣ አሮጌው ኮምፒውተር እያጓራ እስኪነሳ ድረስ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አስገብታ ታሞቃለች፤ ከዚያ ካለችበት ሳትነቃነቅ ዓለምን በኢንተርኔት መዞር ትጀምራለች። በሚኖርበት ከተማ ያሉት የአጥር በሮች ሁሉ ሲከፈቱ የሚያሰሙትን ሲጥሲጥታ እየቀዳ ያጠራቀመ ጡረተኛ፣ ለማንኪያዎቿ ሹራብ የምትሠራ ሴት፣ መንገድ ላይ ወድቆ የቀረ ነጠላ ጓንት ባየ ቁጥር ፎቶ አንስቶ የሕይወት ታሪክ የሚጽፍለት ሰው፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ጉድ በቀን አሥር ትለቅማለች። የሠሪው ስም ብዙውን ጊዜ ከፎቶው ታችኛው ጥግ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እሱን ቆርጣ ትጥልና በቦታው «አጃኢብ» የሚለውን የቻናሏን ማኅተም ታሳርፍበታለች። ሦስት አራት መስመር አማርኛ ትጨምርበትና ቴሌግራም ላይ ትለቀዋለች፤ ስልሳ ሺህ ተከታይም «ወይ ጉድ!» ይላል። ስሙ የተቆረጠበት ሰው ምን ይሰማው ይሆን ብላ አስባ አታውቅም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ደሴ ድረስ መጥቶ አይከሳት!

«አጃኢብ»ን የወለደችው እሷ ራሷ ናት። የዛሬ ስድስት ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልኳ ጀመረችው። ተከታዩ ሲበዛ ዘገየ የሚባል፣ የሰፈሯ ልጅ፣ ምላሱ ከቅቤ የለሰለሰ ሰው መጣና «ክፍልና ኮምፒውተር ከእኔ፣ ጭንቅላት ከአንቺ» አላት። እሺ አለች። ምን ታድርግ? እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው፣ ጉርሻ የሚቀበሉትም ከአንድ ልጃቸው እጅ ብቻ ነው። ይርገዱም ከእሳቸው ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው ሰው የላትም። ለእሳቸው ስትል ብዙ ነገር ውጣለች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ቻናሉን ስትከፍት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ «አዘጋጅ፦ ይርገዱ» ይል የነበረው መስመር «መሥራችና አዘጋጅ፦ ዘገየ» ሆኖ አገኘችው። ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አነበበችው። ደሟ ፈላ።

«ስሜን የት አደረስከው?» አለችው ጠረጴዛው ፊት ቆማ።

ዘገየ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «ስፖንሰሮቹ የሚፈልጉት አንድ ስም ነው፣ ይርጉ። ምን ያናድድሻል? ሥራሽን ማን ነካብሽ?»

«ሥራዬማ ይኸው ያንተ ስም ተለጥፎበታል! አታፍርም?»

«አትጩኺብኝ። ደግሞ ሰሞኑን የምታመጪው ሁሉ ሰው የጠገበው ነገር ነው። ማንኪያ! ጓንት! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ያላየው ነገር አምጪ፤ ካልሆነ ቁልፉን ለሀያት አስረክቢያት።»

ቪዲዮ የምታቀናብረው ሀያት ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበረች፤ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ያልሰማች መሰለች። ይርገዱ ይሄም አንገበገባት። ስንት ቀን ምሳ አብረው የበሉ ሰዎች!

ተመልሳ ተቀመጠች። የምታየውን ሳታይ፣ አንዱን ገጽ ከፍታ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየዘለለች፣ በልቧ ዘገየን ከነዘር ማንዘሩ እየሰደበች ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ወደዚያ ገጽ በየት በኩል እንደገባች በኋላ አንድ ሰው ቢጠይቃት መናገር አትችልም ነበር። ብቻ ዓይኗ ሲመለስ ፊት ለፊቷ፣ ስክሪኑ ላይ፣ በእርሳስ የተሣለ አንድ ክፍል ነበር። መስኮት የለውም። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ነው፤ የሣለው ሰው ትዕግሥቱ የጤና አልነበረምና በጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መሐል ላይ በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጆቿን ወደፊት ሰብስባ፣ ዘመድ እንደምትጠብቅ ሰው ረጋ ብላ ተቀምጣለች። ይርገዱ እንደ ልማዷ ታችኛውን ጥግ አየች፤ የሚቆረጥ ስም አልነበረም። ከሥዕሉ በታች ባዶ የመጻፊያ ቦታ ተትቷል፤ ከእሱም በላይ በእጅ የተጻፈ በሚመስል፣ ቁልጭ ባለ አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ስምሽን ስጪኝና ልዙር።»

ሌላ ቀን ቢሆን አማርኛው ያስደነግጣት ነበር። ዛሬ ግን ንዴቷ ለድንጋጤ ቦታ አልሰጠም፤ እንዲያውም «ይኸው፣ ማንም ያላየው ነገር!» አለች በልቧ። «ይርገዱ» ብላ ጻፈች። ሥዕሉ አልተነቃነቀም፤ ከሥሩ ግን ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ ፊደል እየሆነ «ይህ ሰዎች የሚጠሩሽ ስም ነው» የሚል ወጣ። የአባቷንና የአያቷን ስም ጨምራ ጻፈች። «ይህም የመታወቂያሽ ነው» አላት።

ምን እንደተጠየቀች ያኔ ገባት። የክርስትና ስም አላት፤ ቄሱ ካወጡላት በኋላ ስሙን የሚያውቁት እናቷና ክርስትና እናቷ ብቻ ናቸው፣ ክርስትና እናቷም ከሞቱ ቆይተዋል። ይህ ስም መንገድ ላይ አይጠራም፣ ለእንግዳ አይነገርም። ክፉ የሚያስብ ደብተራም ቢሆን ሰውን የሚያገኘው በዚህ ስም ነው፤ ስሙም ቢሆን ብቻውን አይሠራለትም፣ የእናት ስም አብሮት ካልተነገረው የትኛይቱ እንደሆነች አይለይም። ወይዘሮ ብርቄ ልጃቸውን ሲያሳድጉ አሥር ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ አስጠንቅቀዋታል፦ «ያቺን ስም ከነስሜ ለማታውቂው የሰጠሽ ቀን፣ ራስሽን ሰጠሽ ማለት ነው።»

ዘገየ ከወዲያ በኩል በስልክ ሲስቅ ሰማችው። «መሥራቹ እኔ ነኝ፣ አዎ፣ ብቻዬን ነው የጀመርኩት» ይላል። ከጓሮ የተነቀለ ጎመን ይመስል ስሟን ነቅሎ ጥሎ እሱ ይስቃል፤ ታዲያ የትኛውን ስሟን ነው እሷ የምትሰስተው? ሁለቱንም፣ የክርስትና ስሟንና «የብርቄ ልጅ» የሚለውን፣ ቁልፎቹን እየደበደበች ጻፈችው። ያን ስም እኔም እዚህ አልጽፈውም፤ እሷን ያደረጋት ይበቃል።

ሴቲቱ አልዞረችም። ብቻ ከኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ፣ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው ሊነሳ ሲል እንደሚሰማው፣ የእንጨት ሲጥታ መጣ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ቀኑ ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ ግን ጉሙ መስኮቱን ስለደፈነው ክፍሉ ውስጥ ጨለማ ገባ፣ የማሽኖቹ ጉርምርምታም ሲቆም ፀጥታው ጆሮ የሚያፍን ሆነ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ሽታ መጣ፤ የእርጥብ ጭቃና የበሰበሰ ጭድ ሽታ፣ አዲስ የተመረገ ቤት ሽታ። በሲሚንቶ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ! መብራቱ ሲመለስ ሽታው አልሄደም። ሥዕሉም እንደነበረ ነው፣ ሴቲቱም አለች፤ ግራ እግሯን ብቻ ወደ በርጩማው ሥር ሰብስባለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ለቀቀችው፤ «ይህች ሴት የማንን ስም ስትሰማ ትዞር ይሆን?» የሚል ጽፋበት። አስተያየቱ ጎረፈ። «ሴቲቱ የታለች?» ይላል አንዱ። «ባዶ በርጩማ ምኑ ይደንቃል?» ይላል ሌላው። «አጃኢቦች ጉድ አለቀባችሁ እንዴ? ወንበር ማሳየት ጀመራችሁ?» ይርገዱ ስክሪኗን አየች፤ ሴቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፣ የአንገቷ ጅማት ሳይቀር ይታያል። ስልሳ ሺህ ዕውር! ኮምፒውተሩን አጥፍታ፣ ለማንም ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።

ሆጤ ሰፈር ያለው ቤቷ ስትደርስ እናቷ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ገንፎ አገንፍታ አቀረበችላቸው።

«ኧረ ይብቃኝ ልጄ፤ ቀን ያበላሽኝ መቼ ወረደልኝ።»

«ቀን? ቀን ሥራ ነበርኩ እኮ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ብርቄ ሳቁ። «አሁን ደግሞ ልታሞኚኝ ነው? እንግዲያ ፀጉሬን ማን አበጠረልኝ?»

ፀጉራቸው በእርግጥ ተበጥሯል፤ መሐል ለመሐል ተከፍሎ፣ ይርገዱ እሑድ እሑድ እንደምትሠራቸው በሁለት ተጎንጉኗል። ጎረቤት ገብቶ ይሆናል አለች በልቧ፤ ማን ፈቀደለት ብላም ተቆጣች። እጅ ስታስታጥባቸው እናቷ ጣቶቿን ይዘው ቆዩና «ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ፣ ቀን ደህና ነበር እኮ» አሏት።

ረቡዕ ጠዋት ዘበኛው ጋሽ ይመር እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኚህ ሰው እዚህ ሕንፃ መሥራት ከጀመረች አንስቶ «እንዴት አደርሽ የኔ እናት፣ ውሎሽን አላህ ያሳምረው» ሳይሏት ቀርተው አያውቁም። «ጋሽ ይመር፣ እንዴት አደሩ?» አለች። ጀርባቸውን እንደሰጧት ቀሩ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ወደ መንገዱ ማየታቸውን ቀጠሉ። «ዘገየ ከዘበኛው ጋር ሳይቀር መክሮብኛል ማለት ነው» አለችና ደረጃውን እየረገጠች ወጣች።

ክፍሉ ውስጥም ማንም ፊቱን አላዞረላትም። ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ወደ ግድግዳ የዞሩ ናቸው፤ እዚያ በር ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ እንደሆነ እስከ ዛሬ ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ሀያትን ጠራቻት፤ ሀያት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የሀያትን እስክሪብቶ ከእጇ ሥር መንትፋ ወሰደች፤ ሀያት ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገችውና አጣችው፣ አላኮረፈችም፣ አልጠየቀችም፣ ሌላ አነሳች። እንዲህ ያለ ንቀት! ይርገዱ ተቀምጣ በንዴት አሥር ጉድ ለቀመች፣ አሥር ስም ቆረጠች፣ አሥሩንም ለቀቀች። ሰዓታት አለፉ፤ ካንዱም ሥር የተመልካች ቁጥር አልወጣም፣ ያየው የለም። ከሰዓት በኋላ ዘገየ ከኋላዋ ሲያልፍ «ሀያት፣ ዛሬ እስካሁን ምንም አልተለቀቀም፤ እስቲ አንቺ አንድ ነገር ፈልጊ» አለ። ትከሻው የወንበሯን መደገፊያ ነክቶት ነበር። ዞራ ፊት ለፊት ሰደበችው፤ ስድብ የሚባለውን ሁሉ፣ ለወንድ ልጅ አይባልም የሚባለውንም ጭምር ሰደበችው። እሱ እያዛጋ ወደ ቦታው ሄደ።

ማታ እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ምድጃው አመዱ ተጠርጎ፣ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ቤቱ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። «እማዬ» አለች። የእናቷ ትንፋሽ እንቅልፍ የያዘው ሰው ትንፋሽ አልነበረም፤ ነቅተዋል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ደግማ፣ ትከሻቸውንም ነካቻቸው። ወይዘሮ ብርቄ ብርድ እንደነካው ሰው ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳቡ። ይርገዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አኩርፈውኝ ነው አለች፤ ምን አድርጌያቸው? ማን ነግሯቸው? መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ፣ የምትናደድበት ነገር ጠፍቷት፣ ፈራች።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ገጹ ሳይጠራ መጣ። በእርሳስ የተሣለው ክፍል ጨልሟል፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ የተጠጋ ይመስላል። ሴቲቱ በርጩማው ላይ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ የለበሰችው ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ ሁሉ የእርሳስ ሆኖ ሳለ ሹራቧ አረንጓዴ ነው፣ ግራ ክርኑ ላይ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ይርገዱ የለበሰችውን ሹራብ ግራ ክርን በቀኝ እጇ ዳበሰችው። ጥቁሩ ክር ጣቷ ላይ ይሻክራል፤ ራሷ ነበረች የሰፋችው፣ ባለፈው ክረምት። ከስክሪኑ ውስጥ እርጥብ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰማው ያለ፣ ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ ይመጣል።

ተነሳች። «በቃ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ በአምላክ፣ አንዳችሁ እንኳ ዙሩ!» በዘገየ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አንስታ ወለሉ ላይ ከሰከሰችው። ስብርባሪው እስከ ሀያት እግር ድረስ ተረጨ። ዘገየ ብርጭቆውን አየ፣ የፈሰሰውን ሻይ አየ፣ ከዚያ የጠረጴዛውን እግር ጎንበስ ብሎ ነካካ። «ይሄ ነገር ዘሟል፤ ነገ አናጺ ይጠራ» አለ። እሷ ከፊቱ አንድ እርምጃ ላይ ነበረች። ዓይኑ በእሷ ውስጥ አልፎ በሩን ያያል።

ስልኩ ጮኸ። አየውና ፊቱ ፈካ።

«አቤት ይርጉ!» አለ።

ይርገዱ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ስልኳ እዚያው ነው፤ ጨለማ ነው፣ ቀዝቅዟል።

«ኧረ ምን ችግር አለው፣ እስከፈለግሽ ድረስ ከእናትሽ ጋር ሁኚ» ይላል ዘገየ። «ማክሰኞ ተቆጥተሽ ስትወጪ ተጸጽቼ ነበር፤ እንዲህ ደውለሽ በደህና ስታናግሪኝ ደስ አለኝ። ስምሽንም ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፣ እዪው። ኧረ ይቅርታ የምጠይቀውስ እኔ ነኝ!»

ይርገዱ ጆሮዋን ወደ ዘገየ ስልክ ጀርባ አስጠጋች። ከዚያ ውስጥ የምትስቀው ራሷ ናት። የራሷ ሳቅ ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማፏጨት የሚያደርገው ሳይቀር፤ ግን ቁጣ የሚባል ነገር ኖሮበት የማያውቅ፣ የጠገበ ሳቅ። ከሳቁም ኋላ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የወይዘሮ ብርቄ ሳል ተሰማ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። ጉሙ ከተማውን ውጦታል፤ ባጃጆቹ መብራታቸውን በቀን አብርተው እያጓሩ በአጠገቧ ያልፋሉ፤ እጇን ብታወዛውዝም አንዱም አልቆመላት። ሮጠች። ሰው ስትገፋ የተገፋው ሰው ድንጋዩን ይረግማል እንጂ እሷን አያይም። ስትሮጥም ንዴቷ አልለቀቃትም፤ አሁን ግን በዘገየ አልነበረም፣ በሰው ልጅ አልነበረም፤ ደጅ ሳይጠና፣ ሳይለምን፣ የሰጠችውን ብቻ ተቀብሎ ቤቷ በገባው ነገር ነበር። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ በራሷ ጣቶች።

በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ግድግዳው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ክዳን አዲስ ተመርጓል፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፣ ጭዱ ያብለጨልጫል። በሩን በሁለት እጇ መታች፤ በእግሯ መታች። የጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ። ማንም አልመጣም። ዓይኗን በሳንቃዎቹ መካከል ባለው ስንጥቅ ላይ አደረገች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ኩራዝ በርቷል። እናቷ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ፀጉራቸው ተጎንጉኖ፣ ነጠላቸው ነጥቶ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ያላየችው ደስታ ፊታቸው ላይ ሞልቶ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው በርጩማ ላይ አንዲት ሴት አለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ እጇ ከትሪው ወደ ወይዘሮ ብርቄ አፍ ሲመላለስ በጣም ይዘገያል፣ በጣም ይጠነቀቃል፣ ጣቶቹም ከሰው ጣት ትንሽ ይረዝማሉ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች ይርገዱ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ! አትቀበያት! እኔ ነኝ!»

ወይዘሮ ብርቄ ማላመጣቸውን አቆሙ። የማያይ ዓይናቸውን ወደ በሩ አቀኑ፣ ጆሯቸውንም ዘንበል አደረጉ። ይርገዱ ትንፋሿን ያዘች፤ ሰሙኝ አለች፣ እናቴ ሰማችኝ።

«በሩን የሚመታ ሰው አለ እንዴ?» አሉ እናቷ።

«ማንም የለም እማዬ» አለች ሴቲቱ፣ በይርገዱ ድምፅ፣ ሳትዞር፤ «ንፋስ ነው።»

«እንግዲያ ደህና አድርገሽ ሸጉጪው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ ለሚቀጥለውም ጉርሻ አፋቸውን ከፈቱ።